ሌሊት ብቻ የሚንጠባጠብ ቧንቧ

"ይሄ አለቀለት። ሙሉውን ነው የምንቀይረው።"

ቧንቧ ሠራተኛው ይህን ያለው የመታጠቢያ ቤቱን በር ተደግፎ ነው። ቧንቧውን አልፈታውም። እጀታውን አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አዞረ፣ ጣቱን ከቧንቧው አፍ ሥር ያዝ አደረገ፣ ደረቅ መሆኑን አየ፤ በቃ። ዕለቱ የእኛ የውሃ ፈረቃ አልነበረም፤ ቤቱ ውስጥ የነበረው ውሃ ጣሪያ ላይ ካለው ማጠራቀሚያ፣ ከሮቶ የሚወርደው ብቻ ነው። "ሌሊት ሌሊት ነው እኮ የሚንጠባጠበው" አልኩት። "እሱማ አርጅቶ ነው" አለኝ። የአዲሱን ዋጋ ነገረኝ፣ የእጁን ጨመረበት፣ ነገ ገዝቼ ልምጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። "ቆይ ወንድሜ፣ እኔ እደውልልሃለሁ" ብዬ ሸኘሁት።

ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ አይደለም። ምኑ ነው ያለቀው? ናሱ አልተሰነጠቀም። እጀታው አልተሰበረም። ቀን ሲዘጋ ጥርት ብሎ ይዘጋል። ዕቃ ካረጀ ቀንም ሌሊትም ነው የሚያረጀው፤ በፈረቃ የሚያረጅ ዕቃ የለም። ይህ ነገር ሳህን ሳጥብም፣ ታክሲ ስጠብቅም አብሮኝ ይዞር ጀመር።

ቀንና ሌሊት ምን ለያቸው?

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከእኛ በላይ ጣሪያና ሮቶ ብቻ ነው ያለው። በፈረቃችን ቀን ውሃው መጀመሪያ ለታች ቤቶች ይደርሳል። እነሱ ጀሪካናቸውን ሞልተው፣ ልብሳቸውን አጥበው፣ ሰፈሩ ሲተኛ ነው ተራው ለእኛ የሚደርሰው። ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። መጀመሪያ አየር ይመጣል፤ ቧንቧው ይተነፍሳል፣ ይስላል፣ ትንሽ የደፈረሰ ውሃ ይተፋል፣ ከዚያ ይጠራል። የላይ ፎቅ ሰው ይህን ድምፅ በእንቅልፉ ውስጥ ሆኖ ይለየዋል።

ውሃ በከፍታው ልክ ይገፋል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። የእኛ ሮቶ ከመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ቢበልጥ 3 ሜትር ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ ቀን ላይ ቧንቧውን የሚገፋው 0.3 ባር ብቻ ነው። በፈረቃ ከከተማው የሚመጣው የመስመሩ ውሃ ግን ሮቶው ድረስ ለመውጣት እንኳ ከዚያ በላይ ጉልበት ያስፈልገዋል። ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧውን ዘግቶ ሲተኛ ደግሞ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ በ1886 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ ሲያስገባ ሕዝቡን ያስደነቀው ውሃ ሽቅብ መውጣቱ ነበር። ሽቅብ ያወጣው ይኸው ከከፍታ የሚመጣ ግፊት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። ግማሹ የተበላ መዝጊያ የሮቶውን ውሃ ይችለዋል፤ የሌሊቱን መስመር ግን አይችለውም። ሠራተኛው የመስመር ውሃ በሌለበት ቀን መጥቶ ምንም ባያይ አያስገርምም። ቧንቧውን ካልፈቱት በቀር በዚያ ቀን ሊያይ የሚችል ሰው አልነበረም።

አንድ ቧንቧ በሴኮንድ አንድ ጠብታ ቢጥል በቀን 86,400 ጠብታ ይሆናል። አንድ ሊትር ለመሙላት ወደ 4,000 ጠብታ ይበቃል ብለን ብናሰላ፣ በቀን 21 ሊትር ያህል ነው፤ አንድ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ። የእኛ የሚንጠባጠበው መስመር ሲኖር ብቻ ስለሆነ ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም ውሃ ጠፍቶ በሰነበተ ቁጥር ያንን ጀሪካን ከታች ተሸክሜ አራት ፎቅ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ አስቀምጬ እጄን እቀያይራለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። ለሚመጣው ውሃ ሌሊት ተነስተን እንሰለፋለን፣ የገባው ውሃ በጠብታ ሲወጣ ግን ድምፁን ለምደን እንተኛለን።

ፈትቼ ያየሁት

ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ ጎረቤት አሉን፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ጥገና ክፍል ያሳለፉ ሰው ናቸው። መፍቻ ሊያውሱኝ እንደሚችሉ ስጠይቃቸው ሣጥኑን ከፍተው ፒንሳ፣ ካቻቢቴና የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ አወጡልኝ። ሳይሰጡኝ በፊት ግን፣ "ውሃው የት እንደሚዘጋ ታውቂያለሽ ልጄ?" አሉ። ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ጌት ቫልቭ ነገርኳቸው። "ከሮቶ የሚመጣውስ?" እሱንም ነገርኳቸው። "በይ እንግዲህ ውሰጂ። ሁለቱንም ሳትዘጊ አንድ ብሎን እንዳትነኪ።"

ይህ ምክር የሁሉ መጀመሪያ መሆኑን አሁንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ሮቶ ያለው ቤት ሁለት የውሃ በር አለው። የቆጣሪውን ዘግቶ ቧንቧ የፈታ ሰው የሮቶው ውሃ ፊቱ ላይ ይፈስበታል። ደግሞ ጌት ቫልቭ ለረጅም ጊዜ ካልተነካ ይደርቃል፤ በጉልበት ሲጠመዘዝ አንገቱ ይሰበርና ሌላ መዘዝ ይመጣል። ትንሽ ወደ መዝጋት፣ ትንሽ ወደ መክፈት፣ እንደገና ትንሽ ወደ መዝጋት እያሉ ማባበል ነው። የእኛም እንዲያ ተባብሎ ነው የተዘጋው።

ሁለቱንም ከዘጋሁ በኋላ ቧንቧውን ከፍቼ በውስጡ የቀረውን ውሃ አስወጣሁ። የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ደፈንኩ፣ ትንሿ ብሎን ወደዚያ ከገባች አትገኝምና። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ የፈታሁትን ሁሉ በተፈታበት ተራ መደርደር ጀመርኩ። እጀታው ላይ ያለችውን ሰማያዊ ክዳን በካቻቢቴ ጫፍ አነሳሁ፤ ከሥሯ ብሎን አለች። ብሎኗ ወጣች፣ እጀታው ተነሳ። ከዚያ የሚመጣው ስድስት ጎን ያለው ናስ ነው። እንዳይጫር መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ግራ ገፋሁት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ሲንኩን በአንድ እጄ ደግፌ እንደገና ስገፋው ቀጭ ብሎ ለቀቀ፣ ከዚያ በጣት የሚዞር ሆነ።

መሃሉ ላይ ያለው ዘንግ ተመዝዞ ሲወጣ ጫፉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የማታክል ጥቁር ጎማ ነበረች። ያ ሁሉ ናስና ኒኬል ቅብ ውሃውን የሚያቆመው በእሷ ነው። እጀታው ሲዞር ዘንጉ ይወርዳል፣ ጎማዋን ከታች ያለው የናስ መቀመጫ ላይ ይጫናታል፣ ቀዳዳው ይዘጋል።

ይዣት ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ፊቷ ላይ ክብ ቦይ ተቆፍሯል፤ መቀመጫው ለዓመታት የጫናት ቦታ ነው። ይህን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት በቦዩ አንድ ጎን ላይ ያየሁትን ነው። ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ጎማው ውስጥ ተሰክታለች። በጥፍሬ ስነካት አልወጣ አለች፤ በመርፌ ጫፍ ነው የፈለፈልኳት። አሸዋ ናት። ከጎኗ ደግሞ ቀይ ቡናማ ነገር አለ፣ በጣቴ ሳሸው ቀለም ይተዋል። ዝገት ነው።

እዚያው መስኮቱ ጋ ብዙ ቆየሁ። አሸዋ አራተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ድረስ ምን ያመጣዋል? መልሱ ያው በየፈረቃው የምንሰማው ሳል ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን በቱቦው ውስጥ የነበረው ውሃ ቦታውን ለአየር ይለቃል። የብረት ቱቦ እርጥብ ሆኖ አየር ሲነካው ቶሎ ይዝጋል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ በርጋታ አይመጣም፤ ከፊቱ ያለውን አየር እየገፋ፣ በቱቦው ግድግዳ ላይ የተቀመጠውን ዝገትና ደለል እየጠረገ ነው የሚደርሰው። መንገድ ተቆፍሮ ቱቦ ተሰብሮ ከተጠገነ በኋላ ደግሞ አፈርና አሸዋ ይጨመርበታል። ያ ሁሉ ቆሻሻ የሚጠብበው የቧንቧ አንገት ላይ ሲደርስ ነው። ጎማዋ በወረደች ጊዜ መሃል የተገኘች ቅንጣት እዚያው ተጨፍልቃ ትቀራለች።

ቀጥሎ የሚሆነውን ቤታችን ውስጥ በየቀኑ እሰማው ነበር፤ "ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉት እንጂ!" ይባላል። ቧንቧው ስለሚንጠባጠብ እናጠብቀዋለን። ስናጠብቀው ቅንጣቷ ወደ ጎማው የባሰ ትገባለች፣ ቦዩም ይጠልቃል። ቦዩ ሲጠልቅ ጠብታው ይብሳል፣ ጠብታው ሲብስ ደግሞ ክንዱ የበረታው ሰው ተጠርቶ ያጠብቀዋል። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባል የለ? በዚህ መሃል ያረጀ ነገር ቢኖር ያቺ ጎማ ናት። ናሱ ከእኔ ዕድሜ በላይ የሚያገለግል ነው።

ስለ ሠራተኛው ያለኝ ሐሳብም እዚያው መስኮት ጋ ተለወጠ። አታሎኛል ብዬ አላስብም። ጎማ ለመቀየር የሚመጣ ሰው የትራንስፖርቱን እንኳ አይሸፍንም፤ ሙሉ ቧንቧ የሚተክል ግን የቀን ገቢ ይዞ ይመለሳል። ለትንሿ ጥገና ተገቢ ዋጋ መክፈል ስላልለመድን ትልቁን ጥገና ነው የሚያዙልን። "ቧንቧው ይፈታ፣ ጎማው ብቻ ከሆነ የእጅህን እከፍላለሁ" ብለን ብንጀምር ብዙ ናስ ከቆሻሻ ይድናል፤ ባለሙያውም በሙያው ይበላል።

ከሱቅ እስከ መክፈቻው

ከሰፈራችን የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች የመጀመሪያው ውስጥ ስገባ ልጁ፣ "ባለሙያው አብሮሽ የለም?" አለኝ። አሮጌዋን ጎማ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልነበረም። የግማሽ ኢንች ቧንቧ ጎማ ሁሉ አንድ ይመስላል እንጂ ውፍረቱም ስፋቱም ይለያያል፤ ጠፍጣፋም ጎድጓዳም አለው። አሮጌውን ይዞ መሄድ ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል። የአንዷ ዋጋ ከማኪያቶ ያነሰ ስለሆነ ለመጠባበቂያ የሚሆን ጨምሬ ገዛሁ፤ አንድ ጥቅል ቴፍሎንም አብሬ። መርካቶ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም። ልኩ የጠፋበት ሰው ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ሲጠቀም አይቻለሁ። ለጊዜው ይሠራል፣ ግን ስስ ስለሆነ ብዙ አይቆይም።

አዲሷን ከመግጠሜ በፊት የናሱን መቀመጫ መረመርኩ። ጋሼ ያሳዩኝ ዘዴ ጥሩ ነው። ጥጥ በእንጨት ጫፍ ጠቅልሎ መቀመጫው ዙሪያ ማዞር ነው፤ የተጫረ ቦታ ካለ የጥጡን ክር ይይዛል። የእኛ ትንሽ ያዘ፣ ግን ቀላል ነበር። በጣም ከተበላ ጎማ ቢቀየርም ወር ሳይሞላው እንደገና ይንጠባጠባል፤ ያኔ መቀመጫውን የሚያለሰልስ መሣሪያ ያለው ባለሙያ መጥራት ነው።

ቴፍሎኑን በናሱ ጥርስ ላይ ስጠመጥም ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ ወደ ተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲገጠም ይላቀቃል። ሁሉንም በተራው መለስኩ፣ ናሱን በልኩ አጠበቅሁ። ከዚያ ቧንቧውን ክፍት ትቼ የሮቶውን በር በዝግታ ከፈትኩ፤ አየሩ መውጫ እንዲያገኝ ነው። ውሃው ከመጣ በኋላ እጀታውን በሁለት ጣት ዘጋሁ። ቆመ። ፈረቃችን ሲደርስ ሌሊት ተነስቼ በባትሪ አየሁት፤ የቧንቧው አፍ ደረቅ ነበር።

ሌሎቹ ሕመሞች

አንድ ሰው ቧንቧ እንደጠገነ ከተሰማ የደረጃው ሰው ሁሉ ይጠራዋል። ከዚያ ወዲህ ካየኋቸው ውስጥ ቀላሉ ውሃው ቀጥኖ የሚወርድ ቧንቧ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጫፉ ላይ ያለችው ወንፊት ናት። በእጅ ተፈትታ ትወጣለች፤ ውስጧ ያው አሸዋና ዝገት ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ነጭ ድርቅ ያለ ነገር ከያዛት ከውሃው የቀረ ማዕድን ነው፤ አቼቶ ውስጥ አሳድራችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብታሿት ይለቃል። ከጉድጓድ በሚመጣ ውሃ ይህ ይብሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ የሚያገኝ ሰፈር ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ከሚያገኘው ይልቅ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጩን ቶሎ ያያል።

ባለ አንድ እጀታው ሚክሰር ሌላ ዓለም ነው። በውስጡ ጎማ የሚጫን ዘንግ የለም፤ አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተቱ ሁለት የሴራሚክ ሳህኖች ያሉት ካርትሪጅ ነው ያለው። ሴራሚክ ጠንካራ ነው፣ ለዓመታት አይበላም። ጠላቱ ያቺው አሸዋ ናት፤ በሁለቱ መሃል ከገባች ትጭረዋለች፣ የተጫረ ሴራሚክ ደግሞ አይጠገንም። ካርትሪጁ ብቻውን ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ነው፣ አሁንም አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው። በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ከተማ ቤት የሚሠራ ሰው ቢያማክረኝ፣ መግቢያው ላይ ማጣሪያ ካላስገባ በቀር ሚክሰር ከመግዛት የሚጠመዘዘውን አሮጌ ዓይነት እመርጥለታለሁ። አያምርም ይሉኛል፤ እኔ ግን በአንዲት ጎማ የሚድን ዕቃ ያምረኛል።

ሙሉ በሙሉ መቀየር ያለበት ነገርም አለ። ከሲንኩ ሥር ያለው ፍሌክሲብል ቱቦ ላዩ ላይ ያለው የሽቦ ጥልፍ ከዛገ ወይም ሆዱ ከተነፋ አይጠገንም። እሱ ሲፈነዳ ሊትር አይቆጠርም፤ ቤት ነው የሚጥለቀለቀው። እዚህ ላይ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ያስፈልጋል፤ ሳይንጠባጠብ መቀየር።

የእኔ ወለል፣ የሷ ጣሪያ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትልቁ የቧንቧ አደጋ ግን ከጎማም ከካርትሪጅም አይመጣም። ውሃ በጠፋ ቀን አንድ ሰው ቧንቧ ይከፍታል፣ ምንም አይወጣም፣ ክፍቱን ትቶት ይሄዳል። ሌሊት መስመሩ ሲመጣ እሱ ቤት የለም። ከሥራችን ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው እህታችን ሳሎን ጣሪያ ላይ ያለው ቢጫ ዕድፍ ከእኛ በፊት እዚህ ቤት የነበሩ ተከራዮች እንዲህ ጥለውላት የሄዱት ነው። በተጋበዝኩ ቁጥር አየዋለሁ። አሁን ቤት ለቅቄ ስወጣ የቆጣሪውንም የሮቶውንም በር እዘጋለሁ፤ በዚያውም ጌት ቫልቩ ስለሚነካካ አይደርቅም።

ባለፈው የሕንፃው ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያቺን አሸዋ በብልቃጥ ይዤ ሄድኩ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ወደ ሕንፃው በሚገባው ዋና ቱቦ ላይ የሚታጠብ ማጣሪያ እንዲገጠም ነው፤ ዋጋው ለሁላችን ሲካፈል ብዙ አይሆንም። ሁለተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ግቢው ውስጥ ዝቅ ብሎ ያለው የአትክልት ቧንቧ ፈረቃው እንደገባ ቀድሞ እንዲከፈትና የደፈረሰው የመጀመሪያው ውሃ ወደ አትክልቱ እንዲወርድ ነው። ቆሻሻው እዚያ ከወጣ ወደ ፎቅ የሚወጣው ይቀንሳል።

ብልቃጡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጋሼ ስለ ማጣሪያው አስረዱ፤ እሱ ለሚቀጥለው ወር መዋጮ ተያዘ። የአትክልቱን ቧንቧ ሁሉም ወደደው። ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ሌሊት ማን ወርዶ እንደሚከፍተው ግን አልተስማማንም፤ ጥበቃው "ደመወዝ ካልተጨመረልኝ አይሆንም" ብሏል፣ ኮሚቴውም እያሰበበት ነው።